የኮርቻው ልክ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ? ብርድ ሲሆን ዛሬም ያምሃል ወይስ ተሻለህ? እኔ ክንዴ ከመላላጡና ጆሮዬ ውስጥ እስካሁን ጭቃ ከመኖሩ በቀር ደህና ነኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ናፍቆትህ ግን አላስቀምጥ ብሏታል። አባባም ደህና ናቸው።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ ወደ ቤት ብመጣ አባባ ያስገቡኛል ወይ፣ ለመሆኑ ስሜን ያነሳሉ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። መልሱ ጠፍቶኝ ነው የዘገየሁት። ልዋሽህ አልፈልግምና እቅጩን ልንገርህ፤ አያነሱም። የአናጺ ሥራቸውን ጥለህ ከሄድክ በኋላ፣ "ብስክሌቱንም ለአሮጌ ብረት ገዢ ሸጬዋለሁ፣ ወሬው እዚህ ላይ ያብቃ" ካሉባት ቀን ጀምሮ አንዴም ስምህ ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም።

ይልቅ የብስክሌት ውድድሩን ነገር ላጫውትህ። አንተ ያቋቋምከው ቡድን ዘንድሮም ተሰልፏል፤ ነርሷ፣ ዳቦ ጋጋሪውና እኔ። ቀኑን ሙሉ ተራራውን በየተራ እየዞርን ያቺን ቀይ ጨርቅ ከእጅ ወደ እጅ እንቀባበላለን። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ መንገዱ ሊጥ ሆኗል። ዳቦ ጋጋሪው ይህን ሲያይ "ይሄማ የኔ ሙያ ነው" ብሎ ፎከረ።

እንደምታውቀው ጭቃ እንዳይጣበቅብን ብስክሌቶቹን የምግብ ዘይት እንቀባቸዋለን። ሥራውን ለዳቦ ጋጋሪው ሰጠነው። እሱ ሆዬ የዳቦ ትሪ የሚቀባ መስሎት እጁን ሳይሰስት ለቀለቀው፤ የኔን ፍሬን ጭምር። እኔ ጉዴን ሳላውቅ ቁልቁለቱን ጀመርኩልህ። ፍሬን ብይዝ ማን ሰምቶኝ! ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ስነሳ የፊት ቸርኬው ተጣሞ አልሽከረከር አለ።

ብስክሌቱን ተሸክሜ እየተንሸራተትኩ ወደ ድንኳናችን ወረድኩ። ነርሷ ክንዴን እያጠበች ስትቆጣ ዳቦ ጋጋሪው ከድንኳኑ ጀርባ ተደብቋል። መለዋወጫ ብስክሌት የለንም። ዓመት ሙሉ የለፋንበት በዘይት ሊቀር ነው ብዬ ጨርቋን ከእጄ ልፈታ ስል አባባን አየኋቸው።

አዎ፣ አባባን። በሥራ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቆመዋል። ሳንቃ ለማድረስ በዚህ ሳልፍ ነው አሉኝ። በዚያ በኩል ሳንቃ የሚገዛ ሰው ቀርቶ ቤትም የለም። ከዚያ መኪናቸው ላይ ሸራውን ገልጠው ብስክሌትህን አወረዱ።

ያው ብስክሌትህ ነው ወንድምዬ፣ ተሸጠ የተባለው። ጎማው በደንብ ተነፍቷል፣ ካቴናው በቅርብ ዘይት ጠጥቷል፣ አቧራ የሚባል የለበትም። አለቀስኩ። አባባ ጭቃ ዓይኔ የገባ መስሏቸው መሐረባቸውን ሰጡኝ።

እግሬ ፔዳሉ ላይ አልደርስ ስላለ ኮርቻውን ዝቅ አደረጉልኝ። አንተ የቁመትህን ልክ ለማመልከት በጥቁር ፕላስተር የጠቀለልካትን ቦታ ግን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው ትንሽ አዩአት። "አትቸኩይ፣ ይሄኛው ፍሬን ይይዛል" አሉኝ። እውነትም ያዘ። ዙሬን ጨርሼ ጨርቋን ለነርሷ አቀበልኩ። በመጨረሻ ከኋላ ሁለተኛ ወጣን፤ ዳቦ ጋጋሪው ግን ዋንጫ እንደበላ ሰው ጨፈረ።

ቤት ስንገባ ብስክሌትህን አጥቤ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ከእንግዲህ ለኔ ይሁን ወይ ብዬ አባባን ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን መፍቻቸውን አምጥተው ተንበረከኩ፤ ብሎኑን አላልተው ኮርቻውን ቀስ እያሉ ከፍ አደረጉት። ጥቁሩ ፕላስተር ጋ ሲደርስ አጠበቁት። እንዳይወርድ በመዳፋቸው ጫን ጫን ብለው ሞከሩትና፣ "እንዲህ ይቀመጥ፤ ማንም እንዳይነካው" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ስምህን አላነሱም።

ጉልበትህን ጠብቅልን። መንገድህ የቀና፣ ውሎህም የሰላም ይሁን። በሚመጣው ውድድር ዘይት መቀባቱን ለአንተ ትተነዋል።

እግሯ ፔዳል የማይደርስላት
እህትህ