ሠላሳ ሴኮንድ መቀመጥ

ማክሰኞ

ዛሬም አልሆነም። ደመናው አንጋጫ መንደራችን ላይ ተኝቶ አንድ ኮከብ እንኳ አላሳየኝም። ሆሳዕና ከምሠራበት ፎቶ ቤት ያገኘሁት ፈቃድ እስከ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ አባባ በእጃቸው የሠሩት የሣር ቤት ይፈርሳል። ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሜ በቦታው የብሎኬት ቤት ያሠራል። ደግ አደረገ። እኔ ግን ቤቱንና አባባን ከነሰማዩ በአንድ ፎቶ እፈልጋለሁ። ስንት ዓመት የሰው ሰርግ ሳነሳ ለቤቴ አንድ ፎቶ የለኝም።

ረቡዕ

ጠራ። የካሜራውን ማቆሚያ ትሪፖድ እንሰቱ ጥግ ተከልኩ። ካሜራው ሠላሳ ሴኮንድ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ እኔ በጨለማው ውስጥ እየዞርኩ ቤቱን በባትሪ ብርሃን እቀባለሁ። የተነቃነቀ ሰው ፎቶው ላይ አይቀርም።

አባባ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ባትሪዬ ደካማ ስለሆነ ካልቀረብኩ ፊታቸው አይወጣም። ስቀርብ ብድግ አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከብርሃን ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ አይለዩም።

«ሰው መጥቶ ተቀምጬ ልቆይ?» አሉኝ።

አምስት ጊዜ ሞከርን፣ አምስት ጊዜ ተነሱ። በዚያ ጉልበታቸው! ፎቶው ላይ ግድግዳው ጥርት ብሏል፣ ኮከቡ ሞልቷል። እሳቸው ጭስ ነገር ናቸው፤ አግዳሚው በውስጣቸው ይታያል።

ሐሙስ

እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለም አልኳቸው። እሺ አሉ። ብርሃኑ ሲደርስ ግን እጃቸው ምርኩዙን ያዘ፣ ተነሱ። ጮህኩባቸው። አባቴ ላይ ጮህኩ። ቀስ ብለው ገቡ። እንሰቱ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ዓርብ

ደመና ነበር፤ ከራት በኋላ ትንሽ ተከፈተ። ራሳቸው ጠሩኝ።

«ዛሬ አልነሳም፤ ነዪ አንሺኝ።»

አልተነሱም። አግዳሚውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሠላሳውን ሴኮንድ ጨረሱ። ፎቶው ወጣ፦ ቤቱ፣ ኮከቡ፣ አባባ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ። አስፍቼ ፊታቸውን አየሁት። አንገታቸውን ደፍተዋል። አፍረዋል። ይህን ሰው አላውቀውም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።

ቅዳሜ

አፍራሾቹ በጠዋት መጡ። አባባ ለእያንዳንዳቸው ተነሱ፣ ገጀራና መሰላል ለያዘው ሁሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ሣሩ ሁሉ መሬት ወርዶ ነበር። ማፍረስ ሲጀምሩ አባባ ጎረቤት ቤት ገብተው አንድ ጊዜም አልወጡም።

የዓርቡን ፎቶ አጠፋሁት። የረቡዑን ለወንድሜ ላክሁለት። ወዲያው መለሰ፤ ቤቱ እንዴት ያምራል፣ አባባ ግን የት አሉ? ብሎ ጻፈልኝ።