መብራቱ ይጠብቃል ወይስ ይጠብቃል?

ለተከበሩ የቴአትር ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ስብሰባዎም የማያልቅ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ መብራት የማበራና የማጠፋ ሠራተኛዎ ይህን ደብዳቤ በታላቅ ትሕትና ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ቢሮዎ ድረስ ያላመጣሁት በንቀት ሳይሆን፣ ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች የጸሐፊዎ ጠረጴዛ ተመችቷቸው እዚያው ስለቀሩ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ የመብራት መቆጣጠሪያ ማሽን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከእንግዲህ ሰው ቁልፍ እንዳይነካ፣ ማሽኑ ራሱ ቆጥሮ ራሱ መብራቱን እንዲለውጥ ካዘዙ ወዲህ እጄ አርፏል። ጭንቅላቴም አብሮ ማረፉን መመሪያው አላዘዘም፤ እሱን በራሴ ተነሳሽነት ያደረግሁት ነው።

ሁለተኛ፣ እንደሚያውቁት አሁን በምናሳየው ቴአትር መጨረሻ ላይ፣ ሴት ልጁን ከቤት ያባረረ አባት በባዶ ወንበሯ ፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ ዝም ይልና አንዲት ቃል ተናግሮ መጋረጃ ይዘጋል። አባቱን ሆነው የሚጫወቱት የባለቤቴ አባት፣ አማቼ ናቸው። አዘጋጃችን ስለዚህ ቦታ በስልኬ የላከልኝ መልእክት፣ አባትየው ዝም ሲል መብራቱ ይጠብቃል ይላል። እሱ መብራቱ ሰውየውን ይታገሠው ማለቱ ነበር። እኔ ብልሁ ግን ብርሃኑ እንደ ብሎን ይጥበቅ ማለቱ ነው ብዬ፣ ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ እንዲጠብ፣ ጠቦ ሲያበቃም ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ አድርጌ ለማሽኑ አስተማርኩት። ማሽኑ እንደ እኔ አይደለም፤ የተማረውን አይረሳም። ስለዚህ አማቼ አፋቸውን ሲከፍቱ አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ብልሽቱን ለማግኘት ያደረግሁትን ጥረት ቢያዩ ሌላ ማሽን በገዙልኝ ነበር። ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ፣ ጎኑንም በጥፊ መታሁት። ሽማግሌው እንዲደርሱበት ብዬ ብርሃኑ የሚጠብበትን ጊዜ ሳረዝመው እሳቸው ደግሞ ዝምታቸውን አረዘሙት። ለካ እንደ አንጋፋ ተዋናይ፣ መብራቱ ሥራውን እስኪጨርስ እየጠበቁ ኖሯል። መብራቱ ሥራውን የሚጨርሰው ደግሞ ሲጠፋ ነው።

ማሽኑን መጠርጠር ሲደክመኝ ሰው ጠረጠርኩ። በግምገማው ስብሰባ ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተነሥቼ፣ ማሽኑ ልክ ነው፣ የሚዘገዩት እሳቸው ናቸው አልኩ። ክቡርነትዎም ፍትሕ አይዘግይ ብለው ለእኔ የምስጋና ወረቀት፣ ለእሳቸው ደግሞ እስከ ቅዳሜ ከማሽኑ ጋር ካልተስተካከሉ ሚናው ለሌላ ተዋናይ ይሰጣል የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፉ። አማቼ ማስጠንቀቂያውን እኛ ቤት እራት ላይ አንብበው አጠፉትና፣ ምናልባት እርጅና ይሆናል አሉ። እኔን በክፉ ዓይን እንኳ አላዩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ የምታነጋግረኝ ጨው አቀብለኝ ለማለት ብቻ ነው፣ ምግቡ ደግሞ ጨው አንሶት አያውቅም።

እውነቱን ያወቅሁት አዘጋጁ ያንኑ መልእክት ኮሪደር ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብልኝ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው “ብ” ላይ ነበር። ጠብቃ ስትነበብ መታገሥ ናት፤ ላልታ ስትነበብ መጥበቅ። እኔ አላልቼ አነበብኩ፣ አማቼ ላይ ጠበቀባቸው። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩበትን ገንዘብ ወላጆቼ ቢያስመልሱ አልከራከርም።

ስለሆነም የምስጋና ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። በምትኩ የአማቼ ማስጠንቀቂያ እንዲነሣላቸው፣ ቅዳሜም ለዚያች አንዲት የመጨረሻ ለውጥ ብቻ ቁልፉን በገዛ ጣቴ እንድጫን፣ እሳቸው ተናግረው ሳይጨርሱም ማንም እንዳይቆጥርባቸው እንዲፈቀድልኝ እማጸናለሁ። ካልተፈቀደም እጫነዋለሁ፤ ቅጣቱን በምስጋና እቀበላለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም የሥራ ዘመን፣ ለማሽኑም ከእኔ የተሻለ አስተማሪ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ብዛት ወገቤ የጎበጠው፣

የመብራት ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦
ለአማቼ፣
ለባለቤቴ (ከእራት በፊት ብታነበው ይመረጣል)

ሳልጽፈው የቀረ፦ ክቡርነትዎ ምሽት በምሽት ከፊት ወንበር ሆነው ጨለማው ውስጥ ከሁሉ ቀድመው አጨብጭበው ስለወጡ፣ የአባትየውን የመጨረሻ ቃል እስካሁን አልሰሙትም። ቃሉ “አጥፍቻለሁ” የሚል ነው። እኔ በመብራት ሠራተኛነቴም በአማችነቴም ብየዋለሁ። ክቡርነትዎ ግን ሰው እያየዎት ማለቱ የሚከብድዎ ከሆነ፣ ይንገሩኝና መብራቱን አጠፋልዎታለሁ።