እማዬ «ሆዴ» ስትል

ውድ እትዬ፣

ስልኬን እንደማታነሺልኝ ስለገባኝ በወረቀት መጣሁብሽ። እማዬ ደህና ናት፤ አትደንግጪ። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ድንጋጤው ከላዬ ላይ አልወርድ ቢለኝ ላካፍልሽ ነው የተቀመጥኩት። የምታውቂውን ብደግምብሽ ታገሺኝ፤ ከሥሩ ካልጀመርኩት ለራሴም አይገባኝም።

እማዬን ስትሮክ የመታት ቀን ልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ ቆማ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። መቀሱ ከእጇ ወደቀ፣ አፏ ተጣመመ፤ ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ናት ደግፋ ያስቀመጠቻት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ የተሸከምሽው አንቺ ነሽ። ቤትሽን ዘግተሽ መጣሽ። በማንኪያ አጎረስሻት፤ ምግቡ ትን እያላት ሳንባዋ ሲታመም ሐኪም ቤት ወለል ላይ አደርሽ፤ ጨብጦ የቀረ እጇን በሞቀ ውሃ እያሸሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታሽላት። እጇ ተመለሰ። አንደበቷም ተፈታ። ጎረቤቱ ሁሉ «የእናቷን ነፍስ ጎትታ መለሰቻት» አለልሽ።

እጇ ሲመለስ ግን ሐሳቧ ሌላ መንገድ ያዘ። የዚያን ኮት ነገር አትረሺውም፤ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጋ የቆረጠችውን። «ግራ ቢገባኝ ነዋ» አለችና እሷም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ሳቁ ብዙ አልቆየም። የሰው ልክ ወስዳ ዞር ስትል ይጠፋታል። ሜትሩን ይዛ በየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር ትፈልጋለች። ዕድሜዋን ሙሉ በዓይኗ ብቻ ወገብ የምትለካ ሴት!

ቀጥሎ ያ ቀን መጣ። ደንበኞች ፊት ጣቷን ቀሰረችብሽ። «ይቺን ሴትዮ አስወጡልኝ፤ መቀሴን የምትደብቅብኝ እሷ ናት።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልሻት።

«እኔ አንቺን አልወለድኩም።»

በሩ ላይ ይዤ ስለምንሽ የመለስሽልኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ሰው ሲታመም የሚያወጣው ልቡ ውስጥ የኖረውን ነው። ድሮም የምትወደው አንቺን ነበር፤ ዛሬ አፍ አውጥታ ነገረችኝ።» ይህን ብለሽ ሄድሽ። እኔም ሻንጣዬን ይዤ በአንቺ ቦታ ገባሁ።

እማዬ በዚያን ሰሞን የምትደጋግማት አንዲት ቃል ነበረቻት፤ «ሆዴ»። ጠዋት «ሆዴን ከበደኝ»፣ ከሰዓት «ሆዴ ተረበሸ»። እንግዲህ በእኛ አፍ ሆድ ምን የማይሆነው አለ? ይብሳል፣ ይባባል፣ ይፈራል፤ ቂሙም ምስጢሩም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ናፍቆት መሰለኝ። ስለዚህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «አይዞሽ እማዬ፣ ሆድ አይባስሽ፣ እትዬ ትመለሳለች» እላታለሁ።

አንድ ጠዋት ይህንኑ ስላት ማንኪያዋን ወረወረችው።

«ስለ እሷ ማን አወራ? ሆዴን ነው የምልሽ፣ ይሄን!»

እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። እትዬ፣ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐኪም ቤት ከወጣሁ ወዲህ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ እንደገባሁ ነው የምወጣው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? እናንተን አጥቤ፣ እናንተን ጠርጌ ያሳደግሁ ሴት፣ አሁን ደግሞ ይሄንንም እዩልኝ ልበላችሁ?»

ከነርቭ ሐኪሟ ጋር ቀጠሮ ነበራት፤ ያቺ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሬ የት ሄደ የምትለው። የማስታወስ ችሎታዋን ልታይላት ነው። እንደገባን የመጀመሪያው ጥያቄዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እናቴ፣ ሆድዎ እንዴት ነው?»

እማዬ ዞር ብላ አየችኝ፤ እንደተፈረደለት ከሳሽ።

«ዶክተር፣ የመጣነው ለጭንቅላቷ ነው» አልኩ።

«ስለ እሱ እየጠየቅሁ ነው» አለችኝ። ቀጥላም ምን እንደምትበላ ጠየቀች። ነጭ ዳቦ በሻይ ነክራ፤ ሌላው ትን እንዳይላት ፈርተን። ለሳንባዋ የወሰደችው መድኃኒትስ? አንቲባዮቲክ፣ ደጋግማ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «መውሰዷ ግድ ነበር፤ ነፍሷን አትርፎላታል። ግን ክፉውን ባክቴሪያ ሲገድል ደጉንም አይምርም።»

ከዚያ የነገረችኝን በተቻለኝ መጠን በራሷ ቃል ላስቀምጥልሽ። «አንጀትና አንጎል ሲላላኩ የሚውሉ ጎረቤቶች ናቸው። አንጎል በስትሮክ ሲጎዳ አንጀትም ይዝላል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሚዛናቸውን ያጣሉ፤ የሚጠቅሙት ይሳሳሉ፣ የሚያስቸግሩት ይበረክታሉ። የአንጀት ግድግዳ ሲላላ ደግሞ ደም ውስጥ መግባት የሌለበት ነገር ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ሰውነት ይቆጣል፤ ቁጣውም የቆሰለው አንጎል ድረስ ሊደርስ ይችላል። ከስትሮክ በኋላ ማሰብና ማስታወስ የተቸገሩ ሰዎች ሲመረመሩ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ካልተቸገሩት የተለየ ሆኖ ተገኝቷል።»

«የእናቴን ሐሳብ የወሰደው ባክቴሪያ ነው እያልሽኝ ነው?»

«እንደሱ አላልኩም። የጎዳት ስትሮኩ ነው። አንጀቷ ምን ያህል እንዳባባሰው አላውቅም። መያያዛቸው ታይቷል፤ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ገና እየተጠና ነው። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት እንኪ ብዬ አልሰጥሽም፤ የለኝም። ሆዱ የደረቀና ውሃ ያጠረው በሽተኛ ግን ሐሳቡ እንደሚደበዝዝ አውቃለሁ። እሱን ከዛሬ ጀምረን እናክመዋለን።»

እማዬ ለምርመራ ደም እስክትሰጥ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ሰዎች ፊቴን እያዩ ያልፋሉ፤ መርዶ የሰማሁ መስያቸው ይሆናል። እኔ የማስበው አንቺ በሩ ላይ ያልሽውን ነበር። ልቧ ውስጥ የኖረውን አወጣችው ብለሽ ሄድሽ፤ እኔም አፌ ባይናገረውም አምኜሽ ነበር። ያ ቃል ከልቧ ያልወጣ ቢሆንስ? አንድ የተዘጋ የደም ሥር፣ አንድ የደረቀ አንጀት፣ በዓይን የማይታይ ፍጥረት፣ እነዚህ ሁሉ ተረባርበው እናትና ልጅ ለያይተው ቢሆንስ? ይህን ማሰብ እንኳ ያስፈራል። በሽታ እጅ እግር እንደሚይዝ አውቅ ነበር፤ በሰው አፍ ገብቶ እንደሚናገር ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ተለወጠ። አትክልት በደንብ እየበሰለ፣ ባቄላ እየተፈጨ፣ አጃና እርጎ በማንኪያ፤ ሐኪሟ እንዳሳየችኝ አገጯን ዝቅ አድርጋ ቀስ እያለች ትውጣለች። ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ተሰጣት። ውሃ ስሰጣት ትነጫነጫለች፤ ጠዋትና ማታ በግቢው ውስጥ ክንዴን ይዛ ትመላለሳለች። «ድሮ ሰው ደጄ ላይ ሲቆም ‹ልብሴ አለቀ ወይ?› ይለኝ ነበር፤ አሁን ቤቱ ሁሉ ‹ወጣልሽ ወይ?› ሆነ» ብላ ታስቀኛለች። ሆዷ ለሰለሰ። ቀስ በቀስ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ፤ ጠርቶላት የሚውል ቀን መጣ፤ ከዚያ ሌላ ቀን ተከተለው። የሚጠፋባትም ቀን አለ፤ አልዋሽሽም። ለሐኪሟ ስነግራት «ሆዷ ይሆናል፣ ውሃው ይሆናል፣ ጊዜውም ይሆናል፤ ይሄ ነው ብዬ አልምልም» አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የትናንቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ስፌት ቤቱን ከፍተን ተቀምጠናል። ቁራጭ ጨርቆች በየቀለማቸው እየለየች ሳለ፣ ቀና ሳትል፣ «ታላቂቱ ቀረች አይደል?» አለችኝ።

«ማን?» አልኳት።

«አታሞኚኝ። እህትሽ ናታ። ያባረርኳት።»

ረስታዋለች ብለን ነበር፣ እትዬ። መርሳቷን እንደ መጽናኛ ይዘነው ነበር። ለካ ብቻዋን ይዛው ከርማለች።

«ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት።

«ፊቷን አውቀው ነበር» አለች። «የማውቀው ፊት ነው፤ የማን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። የምታውቂው ፊት አጠገብሽ ቆሞ የማን እንደሆነ ሲጠፋሽ፣ ከዚያ የባሰ የሚያስፈራ ነገር የለም። ፈራሁ። የጮኽኩባት ስለፈራሁ ነው።»

እሷ ጨርቋን መለየት ቀጠለች። «ልጥራልሽ?» አልኳት።

«ጥሪያት። ግን ድናለች ብለሽ እንዳትሸነግያት። ስትመጣ እንደገና ላላውቃት እችላለሁ። ያን ጊዜ ጥላኝ አትሂድ። ‹ልጅሽ ነኝ› ትበለኝ። ባላውቃትም አምናታለሁ።»

ከቃሏ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ቀድመሽ ደውዪ አልልሽም፤ ቀን ቀን ስፌት ቤቱ አይዘጋም።

እማዬ አጠገብ ሆኜ የምጠብቅሽ፣
ታናሽሽ