ለሐያት መኪና ስንመርጥ

እሑድ፣ ኅዳር 3 ቀን 2010

ድምፅ የላትም እኮ! ሙኒር "ተነስታለች" ሲለኝ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ኮፈኗ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሳዳምጥ የሰፈር ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ግማሽ በቤንዚን ግማሽ በባትሪ የምትሄድ ሃይብሪድ ናት። ሙኒር የባለቤቴ የራሕመት ታናሽ ወንድም ነው። ከአዲስ አበባ እየነዳ ያመጣት ለልጄ ለሐያት ትሆናለች ብሎ ነው። ሳምንት ሞክሯት፣ እኔ ቴፒ ጉዳይ አለኝ፣ ዓርብ ስመለስ ትወስዷት እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ ብሎን ሄደ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ነገረን። ከኋላ ወንበር ጎን ትንሽ ወንፊት አለች፤ ባትሪው የሚተነፍሰው በእሷ ነው፣ ምንም ነገር እንዳይሸፍናት አለ።

ሐያት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። መንጃ ፈቃዷን በክረምት ጅማ አወጣች። እኔን ደግሞ እዚያው ጅማ ሐኪሙ ስኳርህ ዓይንህ ላይ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ አለኝ። ቡና ሰብሳቢ መኪና ከሌለው ምኑን ቡና ሰብሳቢ ሆነ? ከሐያት ሌላ ልጅ የለኝም። ራሕመት ስንት ቀን ካሰበች በኋላ ቃሏን ሰጠች። "አጠገቧ ተቀምጠህ መንገዱን የምታይላት ከሆነ ትንዳ። ካልሆነ ቡናውም ጥንቅር ይበል" አለች።

ራሕመት የማታውቀውን እዚህ ልጻፈው። ግራ ዓይኔ ከሐምሌ ወዲህ ጨልሟል። በቀኙ ሰው መቆሙ ይታየኛል፣ ማን እንደሆነ ግን እስኪናገር አላውቅም። ይህን ደብተር እንኳ በወፍራም እስክሪብቶ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደሉን እያገዘፍኩ ነው የምጽፈው። ለሰው ሁሉ "ትንሽ ደብዘዝ ይልብኛል" ነው መልሴ።

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ምርጫችን ይኸውና።

አሮጌዋ ፒክአፕ። ሃያ ዓመት አብልታኛለች፣ አላማትም። ግን መሪዋን ለማዞር ጉልበት ይጠይቃል፣ ፍሬኗም ሁለቴ ካልተረገጠ አይዝም። ለልጄ? በፍጹም።

ባጃጅ። ራሕመት ስሙን ስትሰማ ተነስታ ወጣች።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሄድ። ሙኒር ውጭ አገር ሞልቷል ይላል። ይሙላ! እዚህ ሚዛን ከተማ መብራት ከሄደ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በሻማ ቻርጅ እናድርጋት?

ሃይብሪዷ። የማደያው ሰልፍ ይኸው ሦስት ቀን አልተነቃነቀም፣ ሰው በሃይላንድ ኮዳ ከጥቁር ገበያ እየገዛ ነው። ሐያት አንዴ ቤንዚን ከሞላናት ሁለት ሳምንት እንሄዳለን ብላ አስልታልኛለች። ደግሞ ስትጋጭ ከፊት የሚነፋ ፊኛ አላት። እኔን የገዛኝ እሱ ነው። ልጄን የሚያቅፍ ነገር ካለ ሌላው ይቅርብኝ።

ጉድለቷ ሆዷ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። ሌላው ጠጋኝ የላትም። ጋራዥ ወስደናት ሜካኒኩ ኮፈኗን ከፈተ፣ አየ፣ መልሶ ዘጋው። እንኳን ልሠራት ልነካትም እፈራለሁ አለ። ቢያንስ የማያውቀውን አላውቅም ብሏል። ከእኔ ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ከሐያት ጋር ከተማውን ዞርን። ትነዳለች። ወላሂ ከእኔ ይልቅ ረጋ ብላ ትነዳለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ግራሽን ያዢ፣ ቀስ በይ እላለሁ። የማውቀውን መንገድ በቃሌ እየወጣሁት ነው እንጂ የማየው ነገር የለም። ገበያው ጋ ስንደርስ ጫጫታውን ሰምቼ "ሰው አለ" አልኳት። ያው ገበያ ሰው አይጠፋበትም።

አደባባዩ አጠገብ አንድ ባጃጅ ከቀኝ ሰተት ብሎ ገባብን። እሷ ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ከቆመች በኋላ "አይቼዋለሁ" አልኳት።

"ታዲያ አባ፣ ቀድመህ ንገረኝ እንጂ" አለች።

ልፈትንሽ ብዬ ነው አልኳት። ወይ አለማፈር! ቤት ስንገባ ራሕመት እንዴት ነበር ስትል ሐያት ቀድማ፣ አባ አጠገቤ ስላለ አልፈራሁም አለቻት። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ዛሬ የሠራሁትን ልጻፈው።

ጠዋት ቡና ወደምሰበስብበት ወደ ሸኮ ሄድን። ገበሬዎቹ ጀንፈላቸውን፣ ከነገለባው የደረቀ ቡናቸውን፣ ይዘው ሲጠብቁኝ ነበር። ጭነት መኪና እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ግን የመዘንከውን ቡና እዚያው ካሳደርከው ሌላ ነጋዴ ዋጋ ጨምሮ ይወስደዋል። ሃያ ዓመት የሠራሁት እንደዚህ ነው፤ መዝኖ ወዲያው መጫን። ሦስቱን ማዳበሪያ ጀንፈል የኋላው ኮፈን ውስጥ፣ ሁለቱን የኋላ ወንበር ላይ አስጫንኩ። ሐያት መሪው ላይ ሆና ወንፊቷን አስታወሰችኝ።

"አባ፣ ክፍት ናት?"

ዞሬ አየሁ። ማለት ዞርኩ። ከነጭ ማዳበሪያ በቀር የታየኝ የለም። "ክፍት ናት" አልኳት።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ መኪናዋ መጎተት ጀመረች። ሐያት ቀይ መብራት በርቷል፣ ምንድን ነው አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀይም አላየሁ፣ አረንጓዴም። የእኔ ፒክአፕ ላይ መብራት ሁሉ ሲበራ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ "ምንም አይደለም፣ ንጂ" አልኩ። ነዳች። አባቷ ነዋ ያላት። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጀንፈል ሸተተኝ፣ ከዚያ ቀጥ አለች። አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ሚዛን አስገባን። ጀንፈሉን ስናወርድ አንደኛው ማዳበሪያ ወንፊቷ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሐያት እጄን ይዛ ነው ያስዳሰሰችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ሜካኒኩ ወንፊቷ ውስጥ የገባውን የጀንፈል ገለባ በብሩሽ ጠረገላት። አልተነሳችም። ሙኒር ጋ ተደወለ። ስልኩን እኔ ልይዝ እጄን ስዘረጋ ሐያት ቀድማ ተቀበለችው።

"እኔ ነኝ አጎቴ። ዕቃ ጭኜ ወንፊቷን ሸፈንኩ፣ መብራቱንም አይቼ ዝም ብዬ ነዳሁ" አለችው።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ከአፌ አንድ ቃል አልወጣም። ለምን? ብናገር ራሕመት ታውቃለች፤ ራሕመት ካወቀች ልጅቷም ከመንገድ ትቀራለች፣ እኔም ከቡናው እቀራለሁ። ይህን አስልቼ ነው ዝም ያልኩት። በልጄ ስም ተደበቅሁ። አፈር ልብላ።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ከጁምዓ መልስ ሙኒር ቤት ተቀምጦ ጠበቀኝ። ደግ ሰው ነው፣ አልጮኸም። ባትሪው ድሮም ደክሞ ይሆናል አለ። ግን ሐያት ገና ናት፣ ቀይ መብራት እያየች የምትነዳ ልጅ ላይ መኪና መጣል ራሷንም መግደል ነው አለ። ራሕመትም እኔ ድሮም ይህን ፈርቼ ነበር ብላ የነጠላዋን ጫፍ መቋጠር ጀመረች። ሐያት ጥግ ላይ ናት። ልታለቅስ ስትል አፍንጫዋን እንዴት እንደምትስብ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያን ጊዜ ወጣልኝ። "መብራቱን አሳይታኝ ነበር። አላየሁትም። ወንፊቷንም አላየኋትም። ማክሰኞ ባጃጁንም አላየሁትም" አልኩ። ከሐምሌ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ።

ከዚያ ራሕመት፣

"ልጄን ሁለት ቀን ሙሉ ከዕውር ጋር ነው የሰደድኳት?" አለች።

ቃሉ በቤታችን ሲነገር ይህ የመጀመሪያው ነው። እኔ እንኳ በልቤ ብዬው አላውቅም ነበር። ስለ መኪናዋ ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ሃይብሪዷን አይሱዙ ላይ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ወሰዷት። ምርጫችን ተመልሶ አሮጌዋ ፒክአፕ ሆነ፤ እሷንም ብንሸጣት ይሻላል ብያለሁ። ራሕመት ከትናንት ጀምሮ ምግቤን አቅርባ ትሄዳለች።

ከሰዓት ሐያት መጥታ ግቢ አወጣችኝ። በሩ ጋ ቆመች፣ አሁን አይሃለሁ አልኳት። ቧንቧው ጋ ሄደች፣ እንደ ጥላ አልኳት። ቡና ማድረቂያው ጋ ስትደርስ አሁን የለሽም አልኳት። እውነቱን ብቻ ነው የነገርኳት። "በቃ፣ ገባኝ" አለችና ገባች። ማዘኗን ወይ መናደዷን ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም።

ማታ ከእናቷ ጋር ሲከራከሩ ሰማሁ። ሐያት የፒክአፗን ፍሬን ሜካኒኩ እንደሚያጠብቀው፣ ከሁለት ማዳበሪያ በላይ እንደማትጭን፣ ከአስፋልቱ እንደማትወጣ ትቆጥራለች። ራሕመት እንደማይሆን፣ እንደማይሆን፣ እንደማይሆን ትላለች።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ሜካኒኩ ፍሬኗን ሠርቶ እንዳበቃ በፒክአፗ ወደ ሸኮ ሄዱ። ሁለቱም። ራሕመት፣ እስከ ዛሬ መኪና ውስጥ ፊት ተቀምጣ የማታውቅ ሰው፣ መንገዱን እኔው አይላታለሁ ብላ ሐያት አጠገብ ገባች። ቢስሚላህ ስትል ድምፅዋ ተሰባብሮ ነበር። እኔን ና ያለኝ የለም፣ ልክም ናቸው። ሃያ ዓመት በዚህ ሰዓት ቤት ተቀምጬ አላውቅም። ወንበሬን በሩ ጋ አወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁ። እንግዲህ የእኔ ነገር እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ወንበር ማውጣትና ማስገባት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሐያት ደወለች። ሸኮ በደህና ደርሰዋል። ገበሬዎቹ ቡናው ደርቋል ይላሉ፣ ስማው አለችና ስልኩ አጠገብ አንድ እፍኝ ጀንፈል ነቀነቀች። በደንብ የደረቀ ጀንፈል ውስጡ ፍሬው ይንኳኳል። ይህ አልተንኳኳም። ድገሚው አልኳት፣ ደገመች። ዓይኔ ቢጠፋም ይህን አልስትም ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

"አልደረቀም። እንዳትገዢው" አልኳት።

"እኔም አልገዛም ብዬ መልሼላቸዋለሁ፣ አባ። እንድትሰማው ብዬ ነው" አለች።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ አለቀስኩ። ደስታም ነበረበት፣ አልዋሽም፤ የበዛው ግን ያለ እኔም እንደምትችል ማወቄ ነው። አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ዳመናው ከብዷል፣ ዝናብ ይሸተኛል። ገና አልመጡም።