ውሃ የማይገባው ሜዳ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

በስልክ ባገኘችህ ቁጥር እማዬ ደህና መሆንህን ትነግረኛለች። ስለ እኔ እንደማትጠይቅ ግን አትነግረኝም፤ ስልኩን ዘግታ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ስትገባ እኔው እረዳዋለሁ። ኩርፊያህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለማውቀው ይበርድልሃል ብዬ ጠበቅሁ። ወራት አለፉ፣ አልበረደልህም። እንግዲህ እኔ ልጻፍልህ።

የድንጋይ ካባው ሥራ አብቅቶ ጉድጓዱ ተሞልቶ መሬቱ ለገበሬዎቹ ይመለስ ሲባል፣ የአካባቢ ጥበቃ ቁጥጥሩ ለእኔ ደረሰ። ዶዘሩን የሚነዳው ወንድሜ ነውና ሌላ ሰው ይላክ ብዬ አለቃዬን ለምኜ ነበር። «ማንን ልላክ? ቅርንጫፉ ማለት አንቺ ነሽ» አሉኝ። ወድጄ አልመጣሁብህም።

የዚያን ዕለት ሜዳው ያምር ነበር። ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልተህ፣ ለም አፈሩን ከላይ አልብሰህ፣ ሄደህ ተመልሰህ፣ ሄደህ ተመልሰህ ጠረጴዛ አስመስለኸዋል። ሠራተኞቹ «ውሃ ልክ» የሚሉህ ያለ ነገር አይደለም። የሳይቱ መሐንዲስ ገና ከመኪና ሳልወርድ፣ ዛሬስ አይተሽ መፈረም ብቻ ነው ብሎ ቀለደብኝ። አንተ ከዶዘሩ ላይ ሆነህ ፈገግ አልክ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁብህ።

ከዚያ እንደ ልማዴ ፌሮ ይዤ መሬቱን ወጋሁት። የጣት ያህል ገብቶ ቆመ። ራቅ ብዬ ወጋሁ፣ ያው ነው። በዶማ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሬ አንድ ጀሪካን ውሃ ገለበጥኩበትና አንተ ከዶዘሩ ላይ ሆነህ፣ እኛ ከበን ቆምን። መሐንዲሱ ሲጋራውን ጨርሶ ሌላ ለኮሰ፤ ውሃው እዚያው ነው።

ጥፋትህ ስንፍና ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ። መሬቱን የገደለው የእጅህ ጥራት ነው። ያ ሁሉ ብረት ሲመላለስበት አፈሩ ጠጠረ፤ ሥር አይገባውም፣ ዝናብ ሲመጣም ውሃው ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል። አንተ ያደግኸው መንገድ ስትሠራ ነው፣ ለመንገድ ቢሆን አንደኛ ነበርክ። የእርሻ አፈር ልል መሆን እንዳለበት ሊነግርህ የሚገባው መሐንዲሱ ነበር። እሱ ግን «ይሄ ሰውዬ ጉድ ሠራን» ብሎ በሁሉም ፊት ጣቱን ቀሰረብህ።

ርክክቡን አልፈቅድም ብዬ ስናገር ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ቁልፉን ወንበሩ ላይ ትተህ ቀስ ብለህ ከዶዘሩ ወረድክ። በአጠገቤ ስታልፍ፣ «ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልከኝና በዚያው ሄድክ።

አሁን ልመልስልህ። ለብቻህ ነግሬህ በስውር ብታስተካክለው፣ ገበሬዎቹ ነገ ከወንድሟ ጋር ተመሳጠረች ቢሉኝ መልስ የለኝም። የሚያርሱት እነሱ ናቸው። ያቺ ጥያቄህ ግን አንጀቴን በልታዋለች፣ እስከ ዛሬም አልተወችኝም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ኦፕሬተር አመጡ፤ ሜዳውን በዶዘሩ የኋላ ጥርስ ሰንጥቆ እንዲያላላው ነበር። ጥርሱን ከመጠን በላይ አጠለቀና ከሥር የሞላኸውን ድንጋይ ወደ ላይ አወጣው። አስቆምኩት። አፈሩ የት ጋ ሳሳ፣ የት ጋ ወፈረ የሚለውን የሚያውቀው ያለበሰው ሰው ብቻ ነው። መሐንዲሱም ኩም ብሎ ወንድምሽን ጥሪልን አለኝ። ትናንት ደግሞ ከገበሬዎቹ አንድ አዛውንት፣ ዝናቡ ሊገባ ነው፣ የሠራው ልጅ የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ። የገዛ ወንድሜ አኩርፎኝ ሄደ ማለት አሳፈረኝ።

ስለዚህ ና። ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለሥራህ ብለህ ና፤ ስምህ እዚያ ሜዳ ላይ እንደዚያ ሆኖ አይቅር። ጨርሰህ ስትወርድ የማንንም እንደምፈትሽ ሥራህን እፈትሻለሁ፤ ካልሆነም በሰው ፊት አልሆነም እላለሁ። ከዚያ ግን ተያይዘን እማዬ ቤት እንገባለን። ማኩረፍ ካማረህ እዚያው ፊቴ ተቀምጠህ ታኮርፋለህ።

እህትህ