ከእንድሪስ ጋር የገባሁት ወንፈል

ሞጣ፣ ግንቦት 8 ቀን 1975፣ ጠዋት

የሦስተኛ ሀ ፈተና ሳርም ቀይ ብዕሬ አለቀ። በሰማያዊ ቀጠልሁ። ግማሹ ክፍል ወድቋል። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ሐሳቤ ክፍል ውስጥ የለም።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬም የዲግሪ ነገር ነው፤ ታገሠኝ። ከማሠልጠኛ ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ። ሰርተፊኬቴን ይዤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ሥራ ትቼ መደበኛ ተማሪ ልሁን? ቢቸና ያለው የአባባ ቤት በኔ ደመወዝ ነው የሚኖረው። አዲስ አበባ በማታ? ሞጣ ተቀምጦ! የቀረኝ የባ/ዳሩ የክረምት ትምህርት ነው። በነጻ ነው፣ ደመወዝ አይቋረጥም፣ ማደሪያ የአክስቴ ልጅ ቤት አለ። ለኔ ቢጤ የታሰበ።

ጣጣው አንድ ነው። ክረምት ሲመጣ መምህር ሁሉ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ይይዛል። መሄድ የፈለገ የሚተካው ሰው ያቅርብ ተብሏል። በዚያ ዝናብ የራሱንም የኔንም ጣቢያ የሚይዝ የት አባቱ ይገኛል?

ግንቦት 11፣ ከሰዓት

ተገኘ! እንድሪስ። የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣ ወሎዬ፣ እዚህ ከተመደበ አራት ዓመቱ። ለካ እሱም ዲግሪ ሲያልም ኖሯል።

አባባ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚገቡትን ወንፈል ነገርሁት። ዛሬ ሁሉም የአንዱን ማሳ ያርማሉ፣ ነገ የሌላውን። እኛስ ምን ይከለክለናል? ዘንድሮ አንዳችን እንማር፣ ሌላው ሁለቱንም ጣቢያ ይያዝ። ለከርሞ ክረምት እንለዋወጥ። ለመጨረስ እጥፍ ዓመት ይፈጅብናል። ይፍጅ!

ሳቀብኝ። ቀጥሎ እሺ አለ። «እህት ዓለም፣ አንቺ ቅደሚ፤ እኔ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። ለወጉ እንኳ አልተግደረደርሁም።

ግንቦት 15

እንቅልፍ የለም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ባ/ዳር ነበርሁ። እጅ አውጡ ሲባል ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አወጣሁ። ር/መምህራችን ጓድ ታፈሰ ለትምህርት የሚሄደውን መምህር ስም በ24 ይልካል። እስከዚያ እንድሪስ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ዛሬ ሦስቴ ፊቱን አየሁት። እንደ ወትሮው ነው።

ግንቦት 18

ማስታወሻዬ፣ ጉድ ሆንሁ።

ዕረፍት ላይ ጓድ ታፈሰ ዳቦውን እየቆረሰ እንድሪስን ቀለደበት። ዘንድሮ ካልገባህ የመግቢያው ዕድሜ ያልፍሃል፣ ከዚያ ወዲያ ዲግሪን በሕልምህ ነው የምታያት አለው። መምህሩ ሁሉ ሳቀ። እንድሪስ ጠመኔውን ከእጁ ያራግፋል።

ውጪ ጠብቄ ያዝሁት። እውነት ነው። አንዴ ከተመዘገበ አያስወጡትም፤ ካልተመዘገበ ግን ለከርሞ አይቀበሉትም። እያወቀ ነው ቅደሚ ያለኝ። ለምን ስለው፣ አንቺ ሌት ተቀን የምታወሪው ይህንኑ ነው፣ እኔ ዲግሪ ባይኖረኝ ሒሳቡ አይጠፋኝም አለ። ማን ምጽዋት ጠየቀህ ብዬ ጮህሁበት። ተማሪዎች ሰሙን።

ለምን ልዋሽህ? ደስም ብሎኛል። እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ፤ አልሰረቅሁትም።

ቢቸና፣ ግንቦት 21

በጭነት መኪና፣ በጭቃ፣ ወገቤ ተቆርጦ መጣሁ። አባባ ሂጂ ይሉኛል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሞፈር እየጠረቡ ሰሙኝ። ሰውየው ለከርሞ ክረምት መማር የማይችል ከሆነ፣ በምን ልትመልሺለት ነው አሉ። «እኛ እኮ ልጄ፣ ቆይ ቢሉት ከማይቆየው ማሳ ነው የምንጀምር።» ይህ ማሳ አይደለም አባባ፣ ዲግሪ ነው አልኋቸው። ቀና እንኳ አላሉ። «እንግዲያ እኔን ገበሬውን ምን ልትጠይቂ መጣሽ?»

አኮረፍሁ። እራት አልበላሁም። እናቴ አመመሽ ወይ ትለኛለች።

ሞጣ፣ ግንቦት 24፣ ረፋድ

ክፍል ሳልገባ ጓድ ታፈሰ ዘንድ ሄድሁ። እንድሪስ ነው የሚሄደው፣ ተተኪው እኔ ነኝ አልሁ። ሴት ልጅ በክረምት ሁለት ጣቢያ አትችልም አለ። እችላለሁ አልሁ። ደጋግሜ።

እንድሪስ ሲሰማ ተቆጣ። ማን ፈቀደልሽ ይላል። እኔም ተቆጣሁ። መጨረሻ ላይ፣ እምቢ ካልህ እኔም አልሄድም፣ ሁለታችንም እዚሁ እንበስብስ አልሁት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ያላየሁ መሰልሁ።

ለከርሞ ተራው የኔ ነው ብሎ ማለልኝ። አምነዋለሁ። ግን መሐላው የእሱ፣ ዝውውሩ የመንግሥት። ወደ ወሎ ቢልኩትስ? የክረምቱ ትምህርት ቢዘጋስ? ማን ዋስ ይሆነኛል?

የሱ ጣቢያ ከወንዙ ማዶ ነው። ጠዋት የራሴን፣ ከሰዓት የሱን። ውሃው ሲሞላ በየት እንደሚታለፍ ልጠይቀው ነው፤ ደወል ሳይደወል ልያዘው።