ያላየኸው ሪባን

ብሪንካይር፣ ዌልስ
ኖቬምበር 8

ውድ ቴጊድ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አምስተኛውን የምጽፈው ቆሜ ነው፤ ወጥ ቤት፣ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ አስደግፌ። ከሴፕቴምበር ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነልኝም። ከሥራ እንደወጣሁ ብስክሌቴን አነሳና የጫካውን ዙር እዞራለሁ። ያንኑ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ጀማሪ የሚፈራውን፣ ጎበዝ የሚንቀውን። አንዳንድ ቀን ሁለቴ እዞረዋለሁ።

ትናንት ጋይነርን የጫካው በር ጋ መንገድ ስትጠግን አገኘኋት። ከአካፋዋ ላይ ጭቃ እያራገፈች፣ "ጓደኛህ ብስክሌቱን ሊሸጥ ነው አሉ" አለችኝ።

"ማን አለ?"

"አገር ሁሉ! ደግ አደረገ። የተዘጋ መንገድ ሪባን በጥሶ የሚገባ ሰው መንገድ የሚጠግን ማኅበር ውስጥ ምን ይሠራል? መግባቱስ ይሁን፣ 'ሪባን አልነበረም' ብሎ ዐይኔን እያየ ዋሸኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ልጅ! አንተስ ኢዮሎ፣ አብረኸው አልነበርክም?"

"ዝናቡ ሊመጣ ነው" አልኳት። ያልኩት ይህንኑ ነው።

ቴጊድ፣ አንተ አልዋሸህም። ሪባን አልነበረም። የፈታሁት እኔ ነኝ።

የእኛን ሰው ታውቃለህ። እንጨት ቆራጮቹ መንገዱን በቀይና ነጭ ሪባን ይዘጉታል፤ ቅዳሜ ግን አይሠሩም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የአገሬው ሰው ሪባኑን ከፍ አድርጎ ይሾልክና፣ እንግዳ እንዳይገባ መልሶ ያስረዋል። ከሁላችን አንተ ብቻ ነህ እምቢ ያልከው። "ሪባን ካለ በታች እዞራለሁ" ትልና ጭቃውን ሦስት ኪሎ ሜትር ትዳክራለህ። እኛም "ዲያቆኑ መጣ!" እያልን እንስቅብሃለን።

ያን የሴፕቴምበር ቅዳሜ አንተ ጎማ ስትነፋ እኔ ቀደምኩ። ሪባኑ ጋ ስደርስ፣ ካየኸው ወደ ታች እንደምትታጠፍ አወቅኩ። ቁልቁለቱን ብቻዬን መውረድ አላሰኘኝም። ከኋላዬ የአንተን ጩኸትና ሳቅ እየሰማሁ መውረድ ፈለግኩ። ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ኋላ አስረዋለሁ ብዬ ነበር።

ከመታጠፊያው በታች ቆራጮቹ የጣሉት ጥድ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። እኔ በጭንቅ ፍሬን ይዤ በጎኑ አለፍኩ። ዞሬ ልጮህልህ ስል ጎማህ ጠጠሩን ሲፈጨው ሰማሁ።

ትከሻህን ይዘህ፣ ከንፈርህ ነጭ ሆኖ፣ መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ምን ነበር? "ኢዮሎ፣ ሪባን ነበር እንዴ?"

"እኔ አላየሁም" አልኩህ። ሪባኑ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴትም እችለው ነበር። ሆስፒታል ስጠይቅህ ግን፣ "ምናልባት ሳላየው በጥሼው ይሆናል፤ ጋይነር እውነቷን ይሆናል" አልከኝ። አንተ፣ ያ ድርቅ ያልከው ሰው፣ የገዛ ዐይንህን መጠራጠር ጀመርክ። እኔም ብርቱካን እየላጥኩልህ ዝም አልኩ። በዚህ አፍራለሁ፤ ከስብራቱም የበለጠ በዚህ አፍራለሁ።

ሐሙስ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ተነሥቼ እናገራለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ብዬ ነው ለአንተ ያስቀደምኩት። ሪባኑን ፖስታው ውስጥ ታገኘዋለህ፤ ሁለት ወር አብሮኝ ሲዞር የከረመው ነው። የአንተ ማስረጃ ነውና ለፈለግኸው አሳየው። ብስክሌቱን ግን አትሽጠው፤ እባክህ።

ቆራጮቹ አሁን ወደ ላይኛው ዳገት ተሻግረዋል፤ እዚያም ሪባን ታስሯል። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የጫካው በር ጋ እጠብቅሃለሁ። ባትመጣ አልፈርድብህም። ብቻዬን በታች እዞራለሁ።

ሪባኑን የፈታው፣
ኢዮሎ